ላይሲን፦ ከሞለኪዩሉ እስከ ገበታው፣ ቆጥሮ የማሟላት ዝርዝር መመሪያ

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ የማሽላ ዱቄት ብቻ ቢመገብ 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል። ለክብደቱ የሚመከረውም ይኸው 50 ግራም ነው። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ሞላ። በሰውነቱ ውስጥ ግን አይሞላም፤ ሰውዬው ላይሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ክፍሎች አንዱ ከሆነው፣ በቀን 1800 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፣ ያ ሁሉ ማሽላ የሚሰጠው ደግሞ 1000 ሚሊግራም ገደማ ነው። ምሰሶውና ጭቃው ተትረፍርፎ ማገር እንዳለቀበት ጎጆ፣ ግንባታው ማገሩ ባለቀበት ይቆማል። የተረፉት ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ተጠራቅመው ላይሲንን አይጠብቁም፤ ጉበት ናይትሮጅናቸውን ወደ ዩሪያ ለውጦ የቀረውን እንደ ማገዶ ያነደዋል።

ለሰው የግድ ከምግብ መገኘት ካለባቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች መካከል በእህል ላይ በተመሠረተ ገበታ ቀድሞ የሚያጥረው ላይሲን ነው። ስለዚህ ገበታን ለመመዘን ዘጠኙንም መቁጠር አያስፈልግም፤ እሱን ከቆጠሩ አብዛኛው ሥራ አልቋል።

ሞለኪዩሉን ማወቅ ለምን ይጠቅማል

ላይሲን ስድስት ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና ሁለት ኦክስጅን አለው፤ የሞለኪዩል ክብደቱ 146.2 ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤድመንድ ድሬክሰል እ.ኤ.አ. በ1889 ከወተት ፕሮቲን ከኬዚን ለየው፤ ቅርጹን በ1902 ሠርተው ያረጋገጡት ኤሚል ፊሸርና ፍሪትዝ ቫይገርት ናቸው።

እንደ ማንኛውም አሚኖ አሲድ በአንድ ጫፉ የአሲድና የአሚን (ናይትሮጅን የያዘ) ቡድን አለው። የሚለየው ጅራቱ ነው። አራት የካርቦን ማያያዣዎች እንደ ገመድ ተዘርግተው መጨረሻቸው ላይ ሁለተኛ አሚን ተንጠልጥሏል። የዚህ ጫፍ ፒኬኤ፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጁን መልቀቅ የሚጀምርበት የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ደረጃ፣ 10.5 ገደማ ስለሆነ በደም ፒኤች፣ ማለትም በ7.4፣ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ፣ ሰውነት ላይሲንን ለምን እንደሚፈልገውም፣ ምጣድ ላይ ለምን እንደሚጠፋም፣ ከዚህች የጅራት አሚን የሚመዘዝ ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዙ ቀሪውን ኬሚስትሪ ቢረሱት ብዙም አይጎዳዎትም።

በሰውነት ውስጥ የምትሠራውን በአጭሩ እንይ። ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ነው፤ የሚጠቀለልባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች በላይሲን የበለጸጉ በመሆናቸው ፖዘቲቩ ጅራት አጥብቆ ይይዘዋል። ጅራቱ ላይ አሴቲል የተባለ ትንሽ የካርቦን ቡድን ሲለጠፍበት ቻርጁ ይጠፋል፣ ጥቅሉም ይላላል፣ ጂኑም ሊነበብ ይችላል። በዓይን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበለው ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲናል ሮዶፕሲን በተባለው የዓይን ፕሮቲን ላይ የሚታሰረው በ296ኛው አሚኖ አሲድ፣ በላይሲን ጅራት ነው። ቫይታሚን ቢ6 በብዙ ኢንዛይሞች ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥባትም ቦታ ይህችው ናት። የአጥንት፣ የቆዳና የጅማት ኮላጅን ክሮች እርስ በርስ የሚተሳሰሩት ሊዚል ኦክሲዴዝ የተባለ መዳብ ያዘለ ኢንዛይም የላይሲንን ጅራት ለውጦ ሲያገናኛቸው ነው። ከዚያ በፊት አንዳንዶቹ ላይሲኖች ሃይድሮክሲል ይጨመርባቸዋል፤ ይህ ሥራ ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ስብን ወደ ሚቶኮንድሪያ፣ ወደ ሴሉ የጉልበት ማመንጫ፣ የሚያጓጉዘው ካርኒቲንም የሚሠራው ሦስት ሜቲል ከተጨመረበት ላይሲን ነው።

ሰውነት ራሱ ለምን አይሠራውም? ዕፅዋትና ባክቴሪያዎች አስፓርቴት ከተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ተነሥተው በረጅም መንገድ ይሠሩታል፤ እኛ የዚያ መንገድ ኢንዛይሞች የሉንም። ከሌሎቹም የባሰ ነገር አለ። ብዙዎቹ የግድ የሚያስፈልጉ አሚኖ አሲዶች የካርቦን አጥንታቸው ከተገኘ ጉበት ናይትሮጅን ተክሎ ሊጠግናቸው ይችላል። ላይሲንን ግን መጠገን አይችልም። ዲ የሚባለው የመስታወት ምስሉም በዚሁ ምክንያት ለሰው ጥቅም የለውም፤ የሚፈለገው ኤል ላይሲን ብቻ ነው። ሲፈርስም ሳካሮፒን በሚባል መንገድ አልፎ አሴቲል ኮኤ ይሆናል እንጂ ግሉኮስ አይወጣውም፤ በዚህ ጠባዩ የሚመሳሰለው ሉሲን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ።

እርምጃ 1፦ የሚያስፈልገውን መጠን ማስላት

የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መለኪያ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት፦

አዋቂ፦ 30 ሚሊግራም
ከ3 እስከ 14 ዓመት፦ 35 ሚሊግራም
ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ 45 ሚሊግራም
ስድስት ወር ገደማ፦ 64 ሚሊግራም

ክብደቱን በዚህ ያባዙ። 60 ኪሎ አዋቂ 1800፣ 10 ኪሎ የሚመዝን የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን 450 ሚሊግራም። ሕፃኑ በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂው አንድ ጊዜ ተኩል እንደሚፈልግ ልብ ይበሉ፤ ሆዱ ግን የሚይዘው ጥቂት ነው። የላይሲን እጥረት መጀመሪያ የሚጎዳው ሕፃናትን የሆነው ለዚህ ነው።

እርምጃ 2፦ ጥሬውን መመዘን

የሚመዘነው ደረቁ እህልና ዱቄት ነው፤ የበሰለውን አይመዝኑ። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ 100 ግራም የተቀቀለው ግን 9 ግራም ገደማ፤ ልዩነቱ ውኃ ነው። ብዙ ሰው ስሌቱ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። ለእንጀራ ቀላሉ ዘዴ ስንት ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደወጣው ቆጥሮ ማካፈል ነው፤ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ እንጀራው ውፍረት ውጤቱ ከቤት ቤት ይለያያል። ለወጥ ደግሞ ድስቱ ውስጥ የገባውን ሽሮ ወይም ክክ መዝኖ በተመጋቢው ቁጥር ማካፈል ነው።

እርምጃ 3፦ ፕሮቲኑን ወደ ላይሲን መለወጥ

በእያንዳንዱ ግራም ፕሮቲን ውስጥ የሚገኝ ላይሲን፣ በሚሊግራም፣ ለወጥ ቤት ስሌት በሚበቃ ግምት፦

ማሽላ 20
ነጭ የስንዴ ዱቄት 22
በቆሎ 27
ያልተነፋ ስንዴ 28
ጤፍ 30 (እንደ ዝርያውና እንደ መለኪያው ከ28 እስከ 37)
ገብስና ሩዝ 36
አኩሪ አተር 63
ባቄላ 64
ሽምብራ 67
ምስርና እንቁላል 70
አተር 72
ወተት 78
ሥጋ 85 ገደማ

የፕሮቲኑን መጠን በተመለከተ፣ በ100 ግራም ጥሬ፦ በቆሎ 9፣ ማሽላና ነጭ የስንዴ ዱቄት 10፣ ጤፍ 11፣ ሽምብራ 20፣ አተር 23፣ ምስር 24፣ ባቄላ 25፣ አኩሪ አተር 36 ግራም ብለው ይያዙ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ሚሊሊትር ወተት 3.2 ግራም።

ምሳሌ እንሥራ። 60 ኪሎ የሚመዝን ጾመኛ በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክና 60 ግራም የሽምብራ ሽሮ ተመገበ። ጤፉ 33 ግራም ፕሮቲን፣ 990 ሚሊግራም ላይሲን። ሽሮው 12 ግራም ፕሮቲን፣ 800 ሚሊግራም ገደማ። ድምሩ 1790፤ ከ1800 ጋር ለመገናኘት አንድ ጉርሻ የቀረው ይመስላል።

እርምጃ 4፦ የማይፈጨውን መቀነስ

የመሰለውን ያህል አይደለም፤ ከበላነው ሁሉ አንጀት አይወስድም። ከላመ የስንዴ ዱቄት አብዛኛው ፕሮቲን ይፈጫል፤ ካልተነፋ እህልና ከጥራጥሬ ግን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ሳይፈጭ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ድምሩን በ0.8 ያባዙት። 1790 ወደ 1430 ይወርዳል፤ 370 ሚሊግራም ጎደለ።

50 ግራም ደረቅ ምስር ይጨመርበት፦ 12 ግራም ፕሮቲን፣ 840 ሚሊግራም ላይሲን፣ ተፈጭቶ 670 የሚሆን። አዲሱ ድምር 2100 ገደማ ነው። ሞልቶ ተረፈ። ሥጋም እንቁላልም አላስፈለገም። የጾም በያይነቱ ላይ ሽሮና ምስር አብረው የሚወጡት ለዓይን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ለማስታወስ የሚቀለው ቁጥር ይህ ነው፦ አንድ ግራም ደረቅ ምስር 17 ሚሊግራም፣ አንድ ግራም ሽምብራ 13 ሚሊግራም ገደማ ላይሲን ይሰጣል። የጎደለዎትን በዚህ ያካፍሉ፣ ውጤቱንም ለማይፈጨው በሩብ ያሳድጉ። በውጭ አገር ጤፉን ከነጭ የስንዴ ዱቄት ጋር እኩል ቀላቅለው ለሚጋግሩ ቤቶችም ይኸው ስሌት ይሠራል። 300 ግራም ንጹሕ ጤፍ 990 ሲሰጥ፣ ግማሽ በግማሽ የሆነው 825 ይሰጣል። 165 ሚሊግራም መጉደሉ ቢያስደነግጥም ከ10 እስከ 15 ግራም ምስር፣ ማለትም አንድ ሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ ይሞላዋል።

ለአዋቂ እህሉና ጥራጥሬው የግድ በአንድ ሰሃን መገናኘት አያስፈልጋቸውም፤ በአንድ ቀን ውስጥ መገናኘታቸው ይበቃል። ለሕፃን ግን በየማዕዱ ቢሆን ይመረጣል።

ጥራጥሬ ለምን ይህን ጉድለት ይሞላል? ጥራጥሬ ላይሲን ተርፎት ሜቲዮኒንና ሲስቴይን ያንሱታል፤ እህል ደግሞ እነዚያ አሉት። ስንዴና ሽምብራ አብረው የሚቀቀሉበት ንፍሮ ይህን ከማንም በፊት ፈትቶታል።

እርምጃ 5፦ የሕፃን ምጥን ዱቄት ማዘጋጀት

ይህ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው፣ ጡት እየጠባ ተጨማሪ ምግብ ለጀመረ ሕፃን ነው። መጠኑን በበቆሎና በሽምብራ እናስላ።

70 ግራም በቆሎና 30 ግራም ሽምብራ 12.3 ግራም ፕሮቲን፣ 570 ሚሊግራም ላይሲን አለው፤ ለአንድ ግራም ፕሮቲን 46 ማለት ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ሕፃን በአንድ ግራም ፕሮቲን ውስጥ የሚፈለገው 52 ሚሊግራም ስለሆነ 89 በመቶ ላይ ይደርሳል። 60 ለ40 ሲሆን 13.4 ግራም ፕሮቲን፣ 680 ሚሊግራም፣ በግራም 51፤ ይህ 98 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ሽምብራ መጨመር ላይሲኑን ቢያሳድግም ሆድ ይነፋል፣ ሜቲዮኒኑም መጉደል ይጀምራል። 60 ለ40 ጥሩ ማቆሚያ ነው። ሕፃኑ ወተት የሚያገኝ ከሆነ 70 ለ30 ይበቃል፤ 100 ሚሊሊትር ወተት ብቻውን 250 ሚሊግራም ያመጣል።

አሠራሩ፦ እህሉንም ጥራጥሬውንም ይልቀሙ፤ የሻገተ ፍሬ በተለይ በበቆሎና በኦቾሎኒ ላይ የአፍላቶክሲን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያለ ርኅራኄ ይጣል። ሽምብራውን 12 ሰዓት ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉ፣ በፀሐይ አድርቀው ይከኩት፤ ገለባው ሲወጣ መፈጨቱ ይሻሻላል። ከዚያ ማመስ ይመጣል። ላይሲንም በብዛት የሚጠፋው እዚህ ነው።

እሳቱ መካከለኛ፣ ምጣዱ ሰፊ፣ እጅ ከማማሰያው የማይለይ ይሁን። መዓዛው መጣ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ ቢጫ ሆነ ሲል ያውጡት፤ የጋለው ምጣድ ላይ ትተው አይሂዱ። ወደ ቡናማ ሲሄድ የምናሸተው ጣፋጭ ሽታ የማይላር የሚባለው ምላሽ ነው፦ ስኳር ከላይሲን የጅራት አሚን ጋር ተጣብቋል። በሂስቶን ላይ፣ በዓይን ላይ፣ በኮላጅን ላይ የሠራችው ያችው አሚን አሁን ታስራለች፤ የአንጀት ኢንዛይምም አይፈታትም። ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች በፕሮቲን ውስጥ ሲሆኑ ሁለቱም ጫፋቸው ስለተያያዘ ስኳር የሚይዘው ነፃ አሚን የላቸውም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ላይሲን ነው። ቆሎ፣ በሶና ጠቆር ብሎ የተቆላ ሽሮ ጣዕማቸው የሚመጣውም በከፊል ከዚህ ነው። ጣዕሙን ማንም አይከለክልም፣ ግን የሕፃን ዋና ምግብ በጠቆረ ቆላ ላይ አይመሥረቱ።

አኩሪ አተር ከሆነ ነገሩ ይከራል። ጥሬው ትሪፕሲን የተባለውን የአንጀት ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ መቀቀሉ የግድ ነው፣ ከፈላ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ማድረቅ። በደረቁ ብቻ ያመሱት እንደሆነ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል፤ ሁለቱንም ስሕተት በአንድ ጊዜ መሥራት ነው።

ፈጭተው ይንፉት፣ በደረቅ ክዳናማ ዕቃ ያኑሩት። የዱቄት ወተትና ስኳር አስቀድመው አይቀላቅሉ። ሙቀትና ርጥበት ባለበት ጓዳ የማይላር ምላሽ ያለ እሳትም ቀስ እያለ ይቀጥላል፣ የወተት ስኳርና የወተት ላይሲን ደግሞ ለዚህ የተመቹ ጥንዶች ናቸው። ገንፎው ሊወርድ ሲል ይጨምሩ።

40 ግራም ዱቄት በ200 ሚሊሊትር ውኃ አንድ ሳህን ይወጣዋል፣ 270 ሚሊግራም ላይሲን ያለው። ሁለት ሳህን በቀን፣ የማይፈጨው ተቀንሶ፣ 430 ይሆናል፤ 10 ኪሎ ለሚመዝነው ሕፃን ከሚያስፈልገው 450 የቀረውን የእናት ጡት ከበቂ በላይ ይሞላዋል። ገንፎው ጠንክሮ አልበላ ካለው ውኃ ከመጨመር ይልቅ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረው አብረው ያብስሉ፤ የብቅሉ ኢንዛይም ስታርቹን ቆራርጦ ያቀጥነዋል፣ ምግቡ ግን አይሳሳም። የጨመሩት ውኃ ሆዱን ከመሙላት በቀር የሚሰጠው የለም።

ማሽላ፣ ቡኮና ሌሎች ወጥመዶች

ማሽላ ከላይሲን ማነሱ ሳይበቃ ሲቀቀል ፕሮቲኑ ይበልጥ እየተሳሰረ ለመፈጨት ያስቸግራል። መብላላት ያግዛል፤ የተቦካ የማሽላ እንጀራ ካልተቦካ ገንፎ ይመረጣል። ግን ማሽላ ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል በሺዎች ከሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶች መካከል ላይሲናቸው ጎልቶ የተገኘባቸውን ሁለት አገኙ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ነበሩ። በተለመደው ማሽላ 100 ግራም ፕሮቲን 2 ግራም ገደማ ላይሲን ሲኖረው፣ እነዚህ ከ3 ግራም በላይ ነበራቸው። የወሎ ገበሬ እንዲህ ዓይነቱን ማሽላ በእሸትነቱ ጠብሶ እየበላ ስሙን «ወተት በጉንጬ» ብሎታል። ላቦራቶሪ ሳይኖረው ከወተት ጋር ማመሳሰሉ ድንቅ ነው። ፍሬው ጨምደድ ያለና ቀላል ስለሆነ ምርቱ ያንሳል፤ ስለዚህም ማሳውን ሁሉ አልያዘም። በበቆሎም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል፤ ጥራት ያለው ፕሮቲን የያዘ የሚባለው በቆሎ ላይሲኑ በግራም ፕሮቲን ወደ 40 ይጠጋል። የዚህ ዓይነት ዝርያዎች፣ መልካሳ 6ኪውን ጨምሮ፣ በኢትዮጵያ ተለቀዋል። ዘሩን ካገኙ ከላይ ባለው የምጥን ስሌት 27ን በ40 ይተኩት።

ቆጮ በዋናነት የሚበላበት ቤት ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚጎድለው ፕሮቲኑ ራሱ ስለሆነ የላይሲን ምጥጥን ማስላት ትርጉም የለውም፤ ባቄላ፣ አተር፣ አይብ ወይም ሥጋ አጠገቡ መኖር አለበት።

ጓያ በቁጥር ሲታይ እንደ ሌላው ጥራጥሬ በላይሲን የበለጸገ ነው። በዚህ አይታለሉ። ኦዳፕ የተባለ መርዛማ አሚኖ አሲድ ስላለው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል። መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚገርመው፣ የጓያ ዘመድ የሆነው ለአበባው የሚተከለው የአትክልት ጓያ ደግሞ ከላይ ያየነውን ሊዚል ኦክሲዴዝ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው፤ በሙከራ እንስሳት ላይ ኮላጅን ሳይተሳሰር ቀርቶ አጥንት ይጣመማል።

ሌላው ወጥመድ የካሎሪ እጥረት ነው። የተራበ ሰውነት ፕሮቲኑን ለጉልበት ያነደዋል፤ ላይሲኑ በስሌት ቢሞላም አብሮ ይቃጠላል። መጀመሪያ ሆድ ይጥገብ።

የላቦራቶሪ ውጤት ሲያነቡም ይጠንቀቁ። በተለመደው ምርመራ ናሙናው በጠንካራ አሲድ ሲቀቀል በስኳር የታሰረው ላይሲን በከፊል ስለሚፈታ የተቆላ ምግብ ከእውነቱ በላይ መስሎ ይታያል። ለተቆላ፣ ለተጋገረና ለዱቄት ወተት መጠየቅ ያለበት «ምላሽ ሰጪ ላይሲን» የሚባለው ልኬት ነው፤ ጅራቷ አሚን ነፃ የሆነችውን ብቻ ይቆጥራል።

ክኒኑስ?

በፋርማሲ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ነው፤ በክብደቱ 80 በመቶው ብቻ ላይሲን ስለሆነ 1000 ሚሊግራም የጨው ክኒን 800 ሚሊግራም ላይሲን ይሰጣል። ያም 50 ወይም 60 ግራም ምስር የሚሰጠው ነው፤ ምስሩ ደግሞ ብረት፣ ፎሌትና አሰር ይጨምራል። የከንፈር ቁስልን ይከላከላል ተብሎ ቢወራለትም እስካሁን ያለው ማስረጃ አያሳምንም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ሳይማከር አይጀምር። ግሉታሪክ አሲዱሪያ ዓይነት 1 የተባለ የዘር ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ላይሲንን አፍርሰው መጨረስ ስለማይችሉ ለእነሱ የሚያስፈልገው ተቃራኒው፣ በሐኪምና በምግብ ባለሙያ የሚመራ ላይሲን የተቀነሰበት ምግብ ነው፤ የዚህ መመሪያ ስሌት ለእነሱ አይሠራም።